ለሚዋዥቅ አክሲዮን አረቦን መክፈል

የኢንተርኔት አክሲዮኖች ዋጋ ጣሪያ በነካበት በ1999 ማርክ ኩባንና ሸሪካቸው ቶድ ዋግነር ብሮድካስት ዶት ኮም የተባለ ኩባንያቸውን ለያሁ በ5.7 ቢሊዮን ዶላር ሸጡ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክፍያው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ የያሁ አክሲዮን ነበር። ኩባን እጅ የገባው 14.6 ሚሊዮን አክሲዮን በወረቀት ላይ ቢሊየነር አደረጋቸው። ችግሩ ሀብታቸው ሁሉ ማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ ኩባንያ ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ያውም ዋጋው በቀን 10 በመቶ መውጣትና መውረዱ ብርቅ ባልነበረ ኩባንያ ላይ።

ኩባን አክሲዮኑን እንደያዙ አደጋውን ማጥበብ መረጡ። ዋጋው ከ85 ዶላር በታች ቢወርድ በ85 ዶላር የመሸጥ መብት ገዙ። የዚህን መብት ዋጋ ለመሸፈን ደግሞ አክሲዮኑ ከ205 ዶላር በላይ ቢወጣ በ205 ለማስረከብ ግዴታ ገቡ። በ2000 መባቻ ያሁ 237 ዶላር ሲደርስ ከ205 በላይ ያለው ትርፍ የእሳቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ውሉ የሞኝ ሥራ ይመስል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ተንኮታኮተ። በሴፕቴምበር 2001 ያሁ ከ20 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። የኩባን የ85 ዶላር መብት ግን በቦታው ነበር።

ኦፕሽን የሚባለው ውል ይሄው ነው። ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው፤ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ትርፍ ለማፈስ ተስፋ የሚያደርጉ ወጣቶች በስልካቸው የሚገዙት የዕጣ ዓይነት ነገር ሆኗል። ለዚያ ተግባር መዋሉ መሣሪያውን ጎጂ አያደርገውም፤ ዋና ጥቅሙን ግን ሸፍኖበታል። የሚዋዥቅ አክሲዮን ለያዘ ሰው ኦፕሽን ከሁሉ በፊት መከላከያ ነው። መከላከያ ደግሞ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ያልጠየቀ ሰውም ራሱን ጠበቅሁ ብሎ ራሱን ያከስራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፑት የሚባለው ኦፕሽን ባለቤቱ አንድን አክሲዮን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ፣ እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የመሸጥ መብት ይሰጠዋል። ኮል ደግሞ በተቃራኒው የመግዛት መብት ነው። ሁለቱም መብት እንጂ ግዴታ አይደሉም። ግዴታው ያለው ውሉን በሸጠው ወገን ላይ ነው፤ ለዚህም ፕሪሚየም የሚባል ክፍያ በቅድሚያ ይቀበላል። በአሜሪካ ገበያ አንድ ውል በተለምዶ 100 አክሲዮን ይሸፍናል። ገዢውና ሻጩ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ቆሞ ውሉ እንዲፈጸም ዋስ የሚሆነው ከ1973 ጀምሮ የኦፕሽን ክሊሪንግ ኮርፖሬሽን የተባለ የቺካጎ ተቋም ነው።

መኪና ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ፕሪሚየሙን በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ የኢንሹራንስ አረቦን ነው። ዓመቱ ሳይጋጭ ስላለፈ አረቦኔ ባከነ ብሎ የሚያዝን ባለመኪና የለም። ፑት የገዛ ባለአክሲዮንም ዋጋው ሳይወድቅ የውሉ ቀን ቢያልፍ የከፈለውን ያጣል፤ አክሲዮኑ ግን ደህና ነው።

ነገሩን በእውነተኛ ዋጋ ማየት ይሻላል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 ገበያ ሲዘጋ የፌስቡክ ባለቤት የሜታ አክሲዮን 323 ዶላር ነበር። በዚያው ምሽት ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ይፋ አደረገ። የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚዎች ቁጥር ከቀደመው ሩብ ዓመት በጥቂቱ ቀንሶ ተገኘ። አፕል በአይፎን ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥም በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ እንደሚያሳጣው ኩባንያው ተናገረ። በማግሥቱ አክሲዮኑ በ237.76 ዶላር ተዘጋ። ከአራት አንድ እጅ በላይ የሆነው ዋጋው በአንድ ቀን ጠፋ፤ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው።

100 የሜታ አክሲዮን የነበረው ሰው ማታ 32,300 ዶላር ይዞ ተኝቶ በማግሥቱ 23,776 ዶላር ቀረለት። ኪሳራው 8,524 ዶላር ነው። ይኸው ሰው በ300 ዶላር የመሸጥ መብት የሚሰጥ ፑት አስቀድሞ ገዝቶ ቢሆንስ? ለስሌቱ እንዲያመች አረቦኑ በአንድ አክሲዮን 8 ዶላር፣ ለአንድ ውል 800 ዶላር ነበር እንበል። አክሲዮኑ የትም ይድረስ የት እሱ በ300 ይሸጣል፤ 30,000 ዶላር ያገኛል። አረቦኑ ሲቀነስ 29,200 ዶላር ይቀረዋል። ኪሳራው 3,100 ዶላር ሆነ፤ አስቀድሞ የሚያውቀው፣ ሲገዛ አስልቶ የተቀበለው ኪሳራ። መከላከያው ጉዳቱን አላስቀረውም፤ ወሰን አበጀለት።

ልክ ከዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ተቃራኒውን አሳየ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 በ153.12 የተዘጋው ሜታ፣ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ በማግሥቱ 188.77 ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ለአንድ ውል 500 ዶላር አረቦን የከፈለ ሰው ቢኖር 500ው ባዶ ቀረ። 100 አክሲዮኑ ግን 3,565 ዶላር አተረፈለት፤ ተጣርቶ 3,065። ፍርሃት ይዞት አክሲዮኑን ከሪፖርቱ በፊት የሸጠ ሰው ይህን አላገኘም። ፑት ከመሸጥ የሚለይበት ነጥብ ይኸው ነው፤ የታችኛውን በር ሲዘጋ የላይኛውን ክፍት ይተዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ስቶፕ ሎስ እያለ ለምን አረቦን እከፍላለሁ?” ይላል። ስቶፕ ሎስ አክሲዮኑ ከዚህ ዋጋ ከወረደ ሽጥልኝ የሚል፣ ለደላላው የሚሰጥ ነፃ ትእዛዝ ነው። በመደበኛ ቀን ይሠራል። ሜታ በወደቀበት ጠዋት ግን ገበያው የተከፈተው ከ250 ዶላር በታች ነበር። በመደበኛው የግብይት ሰዓት በ323 እና በ250 መካከል ማንም አልተገበያየም፤ “በ300 ሽጥልኝ” ያለ ሰው የተሸጠለት በተገኘው ዋጋ ነው። ስቶፕ ሎስ የመሸጫ ሰዓትን እንጂ የመሸጫ ዋጋን አያረጋግጥም። በሪፖርት ማግሥት፣ በመድኃኒት ፈቃድ ውሳኔ ማግሥት፣ በፍርድ ቤት ብይን ማግሥት ዋጋቸው ዘልሎ የሚሄድ አክሲዮኖች ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ታዲያ አረቦኑ ስንት ነው? ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

የመግዛት ወይም የመሸጥ መብትን በገንዘብ መግዛት ጥንታዊ ነገር ነው። አርስቶትል የሚሊጢሱ ፈላስፋ ታሌስ የወይራ ምርት እንደሚበዛ ገምቶ በክረምቱ የዘይት መጭመቂያዎችን ሁሉ በጥቂት ቀብድ እንደያዘና አዝመራው ሲደርስ በፈለገው ዋጋ እንዳከራያቸው ጽፏል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አምስተርዳም ውስጥም የአክሲዮን ኦፕሽን ይሸጥ ነበር። የጎደለው ግን የመብቱን ትክክለኛ ዋጋ የሚያሰላ መንገድ ነበር። እሱ የተገኘው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ኤፕሪል 26 ቀን የቺካጎ ቦርድ ኦፕሽን ኤክስቼንጅ በ16 ኩባንያዎች ኮል ሥራ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ቀን የተሸጠው 911 ውል ብቻ ነበር። ፑት ወደዚያ ገበያ የገባው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በዚያው በ1973 ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ቀመራቸውን አሳተሙ፤ ሮበርት መርተንም አሰፋው። ሾልስና መርተን በ1997 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ብላክ በሕይወት አልነበሩም።

የቀመሩ ዋና ሐሳብ ለተራ ባለአክሲዮን ይገባል። የአረቦኑን ዋጋ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚወስነው አክሲዮኑ ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለው አይደለም፤ ምን ያህል ይዋዥቃል የሚለው ነው። ዋጋው 100 ዶላር የሆነ አክሲዮን እንውሰድ። በዓመት 30 በመቶ የሚዋዥቅ ከሆነ በ100 ዶላር የመሸጥ መብትን ለአንድ ወር ለመግዛት፣ ወለድ ሳይታሰብ፣ 3.50 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። መዋዠቁ 80 በመቶ ሲሆን 9 ዶላር ይደርሳል። 400 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 44 ዶላር ይጠጋል። ንብረትን ለሠላሳ ቀን ለመጠበቅ የንብረቱን ግማሽ ሊያህል የቀረ ዋጋ መክፈል ማለት ነው።

የመጨረሻው ቁጥር የመማሪያ ክፍል ምሳሌ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2021 የቪዲዮ ጌም መደብሮች ባለቤት የሆነው የጌምስቶፕ አክሲዮን ከ20 ዶላር በታች ተነስቶ ጃንዋሪ 27 ቀን በ347.51 ዶላር ተዘጋ፤ በማግሥቱ በቀኑ መካከል 483 ከነካ በኋላ በ193.60 ዘጋ። ከሳምንት በኋላ 53.50 ዶላር ነበር። በእነዚያ ቀናት በኦፕሽኖቹ ዋጋ ውስጥ የነበረው የመዋዠቅ ግምት ብዙ መቶ በመቶ ነበር። ታሪኩ ሲነገር ኮል የገዙት ወጣቶች አክሲዮኑ ይወድቃል ብለው የተወራረዱትን ሄጅ ፈንዶች አንበረከኩ ይባላል፤ ሜልቪን ካፒታል የተባለው ፈንድ በዚያ ወር ከገንዘቡ 53 በመቶውን ማጣቱም እውነት ነው። የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ባለሙያዎች በኦክቶበር 2021 ባወጡት ሪፖርት ግን የተለየ ነገር አለ፤ በኦፕሽን ገበያው ግብይቱን ያበዛው በዋናነት የፑት ግዢ እንጂ የኮል ግዢ አልነበረም። ብዙ ሰው አክሲዮኑ እንደሚወድቅ ገምቶ ነበር ማለት ነው፤ ግምቱን የገዛበት ዋጋ ግን እሳት ነበር። በእንዲህ ዓይነት ዋጋ ኦፕሽን የገዛ ሰው የአክሲዮኑን አቅጣጫ በትክክል አውቆም ሊከስር ይችላል፤ ድንጋጤው ሲበርድ የመዋዠቅ ግምቱ ይወርዳል፣ አረቦኑም አብሮ ይረግፋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። መከላከያ የሚገዛው ገበያው ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። አክሲዮኑ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ፣ ወይም ሪፖርቱ ነገ ሊወጣ ዛሬ ማታ፣ ሻጩም የሚመጣውን ያውቃል፤ ስጋቱንም በዋጋው ላይ ጨምሮታል። በእንዲህ ያለ ሰዓት አረቦን ከመክፈል የአክሲዮኑን ከፊል ሸጦ ማደር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የጊዜው ርዝመትም የራሱ ስሌት አለው። አረቦን ከጊዜ ጋር እኩል አያድግም፤ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር እንጂ። 30 በመቶ የሚዋዥቀው የ100 ዶላር አክሲዮን ለአንድ ወር 3.50 ዶላር ከጠየቀ፣ ለዓመት የሚጠይቀው 12 ዶላር ገደማ ነው። በየወሩ እያደሰ የሚገዛ ሰው ግን በዓመቱ መጨረሻ ከ40 ዶላር በላይ ከፍሏል። እርግጥ በየወሩ የሚያድስ ሰው የመሸጫ ዋጋውንም ከገበያው ጋር ያስተካክላል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጥበቃ አይደሉም። ሆኖም በወር ውል ሙሉ ዋጋውን እየጠበቀ ዓመቱን የሚዘልቅ ባለአክሲዮን ኩባንያው በጣም ካላደገለት በቀር በመከላከያው ብቻ ይደኸያል።

አረቦኑን ለመቀነስ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የኪሳራውን የመጀመሪያ ክፍል ራስ መሸከም ነው። በዓመት 50 በመቶ ለሚዋዥቅ የ100 ዶላር አክሲዮን፣ በ100 የመሸጥ መብት ለሦስት ወር 10 ዶላር ገደማ ያወጣል። በ90 የመሸጥ መብት ግን 5.30 አካባቢ ነው። የመጀመሪያውን 10 ዶላር ጉዳት ራሱ የሚችል ሰው አረቦኑ በግማሽ ወረደለት። ሁለተኛው መንገድ ኩባን የተጠቀሙበት ነው፤ ኮላር ይባላል። እዚያው ላይ ከ113 ዶላር በላይ ያለውን ትርፍ የሚያስተላልፍ ኮል ቢሸጥ 5.30 ዶላር ገደማ ያስገኛል፤ የፑቱን አረቦን በሙሉ ይሸፍናል። ባለአክሲዮኑ ለሦስት ወር በ90 እና በ113 መካከል ታጥሮ፣ ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ይቆያል። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። የከፈለው ከ113 በላይ ሊመጣ የሚችለውን ዕድል ነው፤ ሜታ በ2023 በአንድ ቀን እንዳደረገው 23 በመቶ ቢዘል የሚቆጨው ይህ ሰው ነው።

በእውነተኛው ገበያ እነዚህ ቁጥሮች በፑት በኩል ይከብዳሉ። ምክንያቱ አንድ ቀን ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የዳው ጆንስ መለኪያ 508 ነጥብ፣ 22.6 በመቶ ወደቀ። በዚያ ዘመን ትልልቅ የጡረታ ፈንዶች ፖርትፎሊዮ ኢንሹራንስ የሚባል ዘዴ ይዘው ነበር። ስሙ ኢንሹራንስ ይሁን እንጂ ፑት አልገዙም፤ ገበያው በወረደ ቁጥር ፊውቸርስ የሚባሉ የወደፊት ግብይት ውሎችን እየሸጡ የፑትን ውጤት ራሳቸው ለመሥራት ነበር ዕቅዳቸው። አረቦን አይከፈልበትም፣ ዋስ የሚሆን ሻጭም የለበትም። በዚያ ሰኞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጥ ሲነሳ የሚገዛ ጠፋ፤ ሽያጩ ራሱ ውድቀቱን አባባሰው። ከዚያ ወዲህ ከገበያው ዋጋ በታች ርቀው ያሉ ፑቶች ቀመሩ ከሚለው በላይ ይወደዳሉ። ገበያው የ1987ን ድንጋጤ በአረቦኑ ውስጥ እስከ ዛሬ ያስከፍላል።

አረቦን ተቀባይ መሆንም ያማልላል። አብዛኛው ኦፕሽን መብቱ ሥራ ላይ ሳይውል ስለሚቀር ሻጩ ወር በወር ትንሽ ገንዘብ ይለቅማል። አክሲዮኑን በእጁ ይዞ ኮል የሚሸጥ ሰው በኮሉ ምክንያት የሚያጣው ትርፍ ብቻ ነው። አክሲዮኑ ሳይኖረው ኮል የሚሸጥ ግን ወሰን የሌለው ዕዳ ይገባል፤ የአክሲዮን ዋጋ ጣሪያ የለውምና። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 የገበያውን የመዋዠቅ ግምት የሚለካው ቪክስ በአንድ ቀን ከ17 ወደ 37 ዘለለ። ገበያው ጸጥ ይላል ብሎ በመወራረድ ለዓመታት ያተርፍ የነበረ፣ ኤክስ አይ ቪ በሚል ምልክት የሚሸጥ ሰነድ በአንድ ሌሊት ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ፤ በዚያው ወርም ከገበያ ወጣ። ለተራ ቆጣቢ፣ አክሲዮን ሳይዙ ኦፕሽን መሸጥ የተከለከለ ቢሆን የሚጎዳ ሰው አይኖርም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መከላከያውም ቢሆን ጉድለት አለው። ማርች 9 ቀን 2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ ወላጅ ኩባንያ አክሲዮን ከ267.83 ወደ 106.04 ዶላር ወረደ። በማግሥቱ ግብይቱ ታገደ፤ ባንኩንም ተቆጣጣሪዎች ዘጉት። ፑት የገዙ ሰዎች ግምታቸው ከሚገባው በላይ ሰምሮላቸው ሳለ ኦፕሽኑንም መሸጥ አልቻሉም። መብታቸውን ለመጠቀም አክሲዮን ማስረከብ ነበረባቸው፤ የሚገዙበት ገበያ ደግሞ ተዘግቷል። አክሲዮኑ ሳይኖራቸው ፑት ብቻ የያዙ ሰዎች ተቸገሩ። አክሲዮኑን ይዞ ፑቱን ለመከላከያ የገዛ ሰው ግን የሚያስረክበው ነገር በእጁ ነበር። ኦፕሽንን ለጥበቃ መጠቀምና ለውርርድ መጠቀም ከተመሳሳይ ውል የተለያየ ውጤት እንደሚያመጡ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ከደመወዛቸው ከፊሉን በአሠሪያቸው አክሲዮን የሚቀበሉ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ሁኔታ የኩባንን ይመስላል፤ ደመወዛቸውም ቁጠባቸውም አንድ ኩባንያ ላይ ነው። ኩባንያው ቢናወጥ ሥራውና ቁጠባው አብረው ይሄዳሉ። ፑት ለመግዛት ከመሮጣቸው በፊት ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለባቸው። ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው በኩባንያው አክሲዮን ላይ ኦፕሽን እንዳይገዙና እንዳይሸጡ በውስጥ ደንብ ይከለክላሉ። በ1997 በወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ መሠረት ደግሞ ኪሳራውንም ትርፉንም ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ጠባብ ውል የገባ ሰው አክሲዮኑን እንደሸጠ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅ ይችላል። ለአብዛኞቹ የሚበጀው አክሲዮኑ በእጃቸው እንደገባ የተወሰነውን እየሸጡ መበተን ነው። ፑት የሚያስፈልገው መሸጥ ለማይችል ወይም በግብር ምክንያት መሸጥ ለሚከብደው ሰው ነው።

መንግሥታትም ይህን መሣሪያ ይጠቀማሉ። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ከነዳጅ የምታገኘውን ገቢ ለመጠበቅ በየዓመቱ ፑት ስትገዛ ቆይታለች፤ አረቦኑም በአንዳንድ ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሷል። አብዛኛውን ዓመት ገንዘቡ አይመለስም። የነዳጅ ዋጋ በወደቀበት በ2009 ግን ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ በ2015 ደግሞ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏታል። ከዋና ዋና የወጪ ንግድ ምርቶቿ አንዱ ቡና ለሆነ አገር ይህ ሊታይ የሚገባው ነው። በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ በ2024 መጀመሪያ በፓውንድ 2 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። እንዲህ የሚወጣ ዋጋ እንዲሁ ሊወርድ ይችላል። የኒውዮርኩ ገበያ የቡና ፑት ይሸጣል። ከገበሬው በውድ ገዝቶ መርከብ ላይ እስኪጭን ዋጋው የሚወርድበት ላኪ ከአክሲዮን ነጋዴው ይልቅ መከላከያ ያስፈልገዋል።

አገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ሆኗል። ኦፕሽን እዚያ የለም፤ ለጊዜውም አለመኖሩ ተገቢ ነው። ፑት የሚሸጥ ወገን አደጋውን የሚያስተካክለው አክሲዮኑን በየሰዓቱ እየገዛና እየሸጠ ነው። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት በሆኑበት፣ በቀኑ ውስጥ የሚገዛና የሚሸጥ በማይበዛበት ገበያ ይህ አይሆንም፤ የሚቀረው ውርርዱ ብቻ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ኩባንያዎች እንዲበዙ፣ የፋይናንስ ሪፖርታቸው በጊዜው እንዲወጣ፣ ተራው ባለአክሲዮንም ያንን ሪፖርት ማንበብ እንዲችል ነው።

በውጭ ሆኖ የሚነግድ ወገን ግን መሣሪያው ዛሬ በስልኩ ውስጥ ነው። ይህን የሚያነብ ባለአክሲዮን የያዘው አክሲዮን ነገ በግማሽ ቢወድቅ ቤቱን የሚያናጋ ከሆነ መጀመሪያ መጠኑን ይቀንስ። የቀረውን ሊጠብቅ ከፈለገ ፑቱን ገበያው ሳይናወጥ፣ ከጥቂት ወራት በላይ በሚቆይ ውል፣ የመጀመሪያውን ጉዳት ራሱ ሊሸከም ተዘጋጅቶ ይግዛ። ከመግዛቱ በፊት ግን አረቦኑን አክሲዮኑ በዓመት ያስገኝልኛል ብሎ ከሚጠብቀው ትርፍ ጋር በወረቀት ላይ ያስተያይ፤ አረቦኑ ከበለጠ አክሲዮኑን መሸጥ ይሻለዋል።